የተውሶ ድንኳን

ድንኳኑ የተውሶ ነበር። የሰፈሩ እድር ነው ያዋሰው፤ ሟቿ አባል ስላልነበረች ለዚያውም ተለምኖ። አግዳሚ ወንበሩ ከቤተ ክርስቲያን መጣ፣ ትልቁ ድስት ጠላ ከምትጠምቅ ጎረቤት፣ ብርጭቆው ደግሞ ከየቤቱ ሦስት ሦስት እየተባለ ተሰበሰበ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ቦንጋ ላይ ሐምሌ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም። ድንኳኑ በአንድ ወገን ተቀዶ ስለነበር ውኃው ለቅሶ የደረሱት ሰዎች ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሰዎቹም አግዳሚውን እየሳቡ ወደ መሐል ይጠጋሉ። 27 ዓመት የፖሊስ ደንብ ልብስ ለብሳ ያገለገለች ሴት ሰልስቷ የዋለው እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ነው።

እኔም የደረስኩት በዚያው በሰልስቱ ነው። ከቤቴ እስከ ቤቷ በእግር ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። መሞቷን የነገረችኝ ባልደረባ አይደለችም፤ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥልኝ ሴት ናት። ቅቤውን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች፣ «ያቺ ፖሊስ ወዳጅሽ ተቀበረች አሉ፤ ሳትሰሚ ቀረሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቅቤውን እዚያው ትቼ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ዙሪያውን ሳይ ከፖሊስ ቤት የመጣን ሴቶች አራት ነን። አራታችንም የሰማነው በየፊናችን፣ ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከወፍጮ ቤት ነው። ዓይን ለዓይን መተያየት አቃተን። ለምን እንደሆነ አራታችንም እናውቀዋለን።

ስሟን አልጽፍም፤ ያሳደገቻት ልጅ እዚሁ ከተማ አለች። ግን ማን እንደነበረች ልናገር። ትውልዷ ከወደ ዳውሮ ነው፤ ቦንጋ ላይ ካሳደገቻት ልጅ ሌላ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም። ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድማ ነው የተቀጠረችው። እኔ በ1986 ዓ.ም ስገባ፣ ዞኑ ገና ከፊቾ ሸኪቾ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ የመጀመሪያውን የሌሊት ተረኛነት ያሳለፍኩት ከእሷ ጋር ነው። የዚያን ሌሊት አንዲት የተጠረጠረች ሴት መጣችና ፍተሻ ልጀምር ስል ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ። «ሴት ስትፈትሺ መጀመሪያ እጅሽን አሙቂ። ብርዱ የአንቺ ነው፤ ለእሷ አታሻግሪው» አለችኝ። እጄን በከሰሉ ላይ ይዤ እስኪሞቅ ድረስ ሴትዮዋም፣ እሷም፣ እኔም ዝም ብለን ቆምን። በኋላ በወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ እንደዚያ ያለ ትምህርት አላገኘሁም።

የካፋን ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖን፣ የተማረችው እዚሁ በሥራ ላይ ነው። ከዴቻ፣ ከጌሻ፣ ከጨና አማርኛ የማይሰሙ እናቶች ጣቢያ ሲመጡ ቃላቸውን የምትቀበለው እሷ ነበረች። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት በር ነበረው። ሽማግሌዎች ያንን በር ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ደግሞ ልጅቱን ከኋላዋ አድርጋ በሩ ላይ ትቆማለች። ጉልበቷ ሕጉ አልነበረም፤ ሕጉ ከእነሱ ጋር ነበር። አዲሱ የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ ውሎ ያ በር ሲዘጋ፣ «አሁን እንግዲህ ልቀመጥ» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላም ቢሆን አልተቀመጠችም።

እንዲህ ያለች ሴት የእድር አባል ሳትሆን ሞተች ሲባል፣ የማያውቅ ሰው ቸልተኛ ነበረች ይላል። ቸልተኛ አልነበረችም። የሰፈር እድር ለፖሊስ ሴት የሚመች ነገር አይደለም። እድር የተሠራው አንድ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ከጊምቦ ወደ ጨና፣ ከጨና ወደ ጌሻ እንዛወራለን፤ በሄድንበት ሁሉ መግቢያ እንደ አዲስ እንከፍላለን፣ የከፈልነው መዋጮ እዚያው ኋላ ይቀራል። ደግሞ እድር በቀብር ቀን ስም ይጠራል። ተረኛ የሆነች ሴት ጥበቃዋን ጥላ ቀብር ልትወጣ አትችልም፤ ስለዚህ ትቀጣለች። ቅጣቱ ይደራረባል፣ ይደራረብና ስሟ ይሰረዛል። የእሷ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል። እድሮቹ አልበደሏትም፤ ደንባቸው ነው። የጠፋው ደንቡ እኛን የሚያውቅ እድር ነው።

ሌላም መንገድ አልነበረንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ፖሊስን አይጨምርም፤ ቁጥር 1156/2011ም፣ ከእሱ በፊት የነበረው 377/1996ም በዚህ አይለያዩም። ስለመደራጀት መብት እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንኳ የፖሊስንና የጦር ሠራዊትን ጉዳይ ለየአገሩ ሕግ ትቶታል። እኛ ደግሞ ስለ ደመወዝ የሚደራደር ማኅበር አላማረንም። ያማረን አንዷ ስትወልድ ገንፎ የሚወስድላት፣ አንዷ ስትታመም ጅማ ድረስ የሚሸኛት፣ አንዷ ጡረታ ስትወጣ ወረቀቷን አብሮ የሚያገላብጥላት፣ ስትሞት ደግሞ ድንኳን የሚተክልላት ሰው ነው። ይህን ለመከልከል የወጣ ሕግ የለም።

በዙሪያችን ያልተደራጀ አልነበረም። የጫካ ቡና ለቃሚው በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ማኅበራቱ በዩኒየን ተደራጅተዋል። ማር ቆራጩ ማኅበር አለው። መምህራኑ አላቸው። የሕግ ባለሙያ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ከተሰባሰቡ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲካሄድ በር ላይ ቆመን የምንጠብቀው እኛ ነን። ስንት ጉባኤ ጠብቄያለሁ! ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማል፣ ሊቀመንበር ይመረጣል፣ ሒሳብ ይነበባል፤ እኔ ውጭ ቆሜ ቦርሳ እፈትሻለሁ። ሒሳብ እንዴት እንደሚነበብ፣ ኦዲተር ምን እንደሚጠይቅ፣ አኩራፊ እንዴት እንደሚለመን፣ ሁሉንም የተማርኩት በበር ቀዳዳ ነው። ተራው የእኛ ሲሆን ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

ተራችን የመጣው በ2014 ዓ.ም ነው። መስከረም 20 ቀን ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ ከደቡብ ክልል ወጥተው ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። አሥራ አንደኛው ክልል። ቦንጋም የክልሉ መቀመጫ ሆነች። ያን ሰሞን ከተማዋን ያየ ሰው አይረሳውም። መኖሪያ ቤቱ ሁሉ ቢሮ ሆነ፣ ኪራይ ጣሪያ ነካ፣ ጠረጴዛና ወንበር የጫነ አይሱዙ ጭቃው ላይ ተሰልፎ ይውላል። ከዚያ በፊት አንድ ጉዳይ የያዘች ሴት ሐዋሳ ድረስ ነበር የምትጓዘው፤ ሁለት ቀን ሄዳ፣ ሁለት ቀን ተመልሳ፣ «ነገ ነይ» ተብላ። አሁን ሐዋሳ ወደ እኛ መጣ። ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከተርጫ የመጡ፣ ከሐዋሳም የተመለሱ የፖሊስ ሴቶች አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ገበያ የምንገበያይ ሆንን። መዋቅሩ ገና እየተጻፈ ነበር፤ ቀለሙ አልደረቀም። በዚያች ሰዓት «እኛም አለን» ብንል የሚሰማ ጆሮ ነበር። እንደዚያ ያለ ጊዜ በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለቴ አይመጣም።

ይህ ሳይገባን ቀርቶ አልነበረም፤ ይህን መካድ አልችልም። ገብቶን ነው የተሰበሰብነው። ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ቤት። 31 ሴት ነበርን። ወንበር ስላልበቃ ወጣቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ከጫካ የተለቀመ ቡና ቆልቼ፣ ቄጠማ ጎዝጉዤ ጠበቅኋቸው። አንዷ የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ ነው የመጣችው፤ ሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጁን ለጎረቤት እየተወች እንደምታድር ስትናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ሌላዋ የእናቷን አስታማሚ አጥታ ፈቃድ ስትለምን የሆነችውን ተናገረች። በፖሊስ ቤት እንዲህ አንነጋገርም ነበር። እዚያ አንዷ ለሌላዋ አለቃ ናት ወይም ታዛዥ ናት። በዚያች ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ሴቶች ሆንን። ባለ ካሬ ደብተር ወጣና ስማችንን ጻፍን፣ ፈረምን። የእሷ ፊርማ አራተኛው ላይ ነው። በገንዘብ ያዥነት እኔ ተመረጥኩ።

ያን ቀን ከተገኘነው 31 ሴቶች ዘጠኙ ጡረተኞች ነበሩ። ክርክሩ የተነሳው በእነሱ ነው፤ ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በሥራ ላይ ነበርኩ፤ ጡረታዬ ዓመት ከመንፈቅ ነበር የቀረው፤ ግን ያኔ ሩቅ መሰለኝ። ገንዘብ ያዥ ተብዬ ገና መዋጮ ሳልሰበስብ ሒሳብ ጀመርኩ። ጡረተኛ ቶሎ ይታመማል፣ ቶሎ ይሞታል፣ መዋጮውም ትንሽ ነው፤ ካዝናውን የሚያራቁቱት እነሱ ናቸው አልኩ። በልቤ ብቻ አይደለም፣ በአፌ ነው ያልኩት። «ጡረታ የወጡት እህቶቻችን በክብር እንግድነት ይኑሩልን፤ መዋጮም አይክፈሉ፣ ድምፅም አይስጡ» ብዬ ቃሉን አሳምሬ አቀረብኩት። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ እጃቸውን አወጡ። አስተማሪያቸውን፣ እጃቸውን እንዲያሞቁ ያስተማረቻቸውን ሴት አስወጥተው እጅ ሲያወጡ እኔ ቆጣሪ ነበርኩ።

እሷ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። አልተከራከረችም። ሁለተኛውን ቡና ጨርሳ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «በሉ፣ ልጅቱ ትጠብቀኛለች» አለች። በረካውን ሳትጠጣ ወጣች። የቀሩት ስምንቱም አንድ በአንድ ተከተሏት። በእኛ አገር እንግዳ በረካ ሳይጠጣ ሲወጣ ባለቤቲቱ ተከትላ በር ድረስ ትለምናለች። እኔ የድምፁን ቁጥር እየጻፍኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያች ቀን የወጣ ነው። 22 ሴቶች ቀረን። ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል ማዕረግ መጣ፤ ኢንስፔክተር ተቀምጣ ዋና ሳጅን ሰብሳቢ ልትሆን ነው ወይ ተባለ። እድር ውስጥ ማዕረግ የለም የሚል አልጠፋም፤ ግን ሰኞ ጠዋት ሰላምታ የምትሰጪያትን ሴት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ተሳስተሻል» ማለት ይከብዳል። ከዚያ ስሙ ላይ ተጣላን። የካፋ ይባል ወይስ የክልሉ? ከሚዛንና ከተርጫ የመጡት ቅር አላቸው፤ የቦንጋዎቹም እልህ ያዛቸው። ገና ያልተወለደ ልጅ ማን ተብሎ እንደሚጠራ እንደመከራከር ነበር።

ከዚያ ደግሞ የፈቃድ ነገር መጣ። ይህንንም ያቀረብኩት እኔው ነኝ፤ ከ28 ዓመት በላይ ያለ ትእዛዝ እግሬን አንስቼ አላውቅምና ያለ ደብዳቤ የሚሠራ ነገር ያለ አልመሰለኝም። «ዕውቅና እንዲሰጠን» የሚል ማመልከቻ ጽፈን ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገባን። ወረቀቱ «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎ ተመራ፤ የተመራለትም ለሌላ መራው። እስከዚያው ሥራ አንጀምርም ተባለ። ከየካቲት እስከ ነሐሴ ለሰባት ወር በየወሩ መቶ መቶ ብር ተዋጣ፤ ከዚያ ጥያቄው «ደብዳቤው መጣ ወይ?» ብቻ ሆነ። አገሪቱም በዚያን ጊዜ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ተረኛነቱ ከብዶ ቅዳሜ የሚባል ነገር ጠፋ። ይህ እውነት ነው። ግን ምክንያት አላደርገውም። በዚያው ጊዜ የእኔ ሰፈር ሴቶች ሁለት እቁብ ጥለው ጨርሰዋል።

ሚያዝያ 2015 ላይ ገንዘቡ ይመለስ ተባለ። 15,400 ብር ከባንክ አወጣሁ። 22 ፖስታ ገዛሁ፣ በእያንዳንዱ 700 ብር ጨመርኩ፣ ስም ጻፍኩባቸው። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ልጁን የገደለ አባት አጅቤ አውቃለሁ። እንደዚያ ፖስታ የከበደኝ ነገር ግን የለም። ሴቶቹ ሲቀበሉኝ ያመሰግኑኛል! «ሳትበይው መለስሽ» ብለው። አንዷ ፖስታውን ሳትከፍት ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች፣ «እትዬ፣ ጎበዝ ገንዘብ ያዥ ነበርሽ» አለችኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ያ ገንዘብ ድንኳን ባይገዛ እንኳ ሸራ ይገዛ ነበር። አግዳሚ ይሠራ ነበር። ብርጭቆ።

ከሁለት ወር በኋላ እኔም ጡረታ ወጣሁ። የራሴ ደንብ ቢጸድቅ ኖሮ በራሴ ማኅበር ውስጥ ድምፅ የሌለኝ እንግዳ ነበርኩ።

መራራው ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ጥቅምት 2016 ላይ ለአንድ ጉዳይ የሕግ ባለሙያ የሆነ ወጣት አነጋገርኩና በወሬ መሐል ያንን የፈቃድ ታሪክ አነሳሁለት። ልጁ በትሕትና ሰማኝና፣ «እማማ፣ እርስዎ የሚሉት እኮ እድር ነው» አለኝ። «አዎ፣ እድር መሰል» አልኩ። «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ፣ 1113/2011፣ እድርና እቁብን አይመለከትም። ከፊተኛው አዋጅ፣ ከ621/2001ም ጭምር ውጭ ነበሩ። ደንባችሁን ጽፋችሁ መጀመር ትችሉ ነበር። መደበኛ ማኅበር እናቁም ብትሉ ደግሞ አምስት ሰው ይበቃችኋል።» አምስት ሰው! እኛ 31 ነበርን። ስንጠብቀው የከረምነው ደብዳቤ መጀመሪያውኑ የማያስፈልግ ነበር። ሌላው ቢቀር ስለመደራጀት መብት የሚናገረው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ባይሆንም ጣቢያችን መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ተጠርጣሪ ሲያመለክተን እናነብለታለን። ለራሳችን አላነበብነውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሴት ፖሊሶች ማኅበር ያገኘሁትን ማንበብ ጀመርኩ፤ ጅብ ከሄደ ነው ነገሩ። አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አሊስ ስተቢንስ ዌልስ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1910 ፖሊስ ሆና ተቀጠረች። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1915፣ ከየከተማው ካሉት ጥቂት ሴቶች ጋር ዓለም አቀፍ የሴት ፖሊሶች ማኅበር መሥርታ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። የራሳቸው መዋጮ ሳይበረታ፣ በሌላ ሰው ኪስ ሲደገፉ ቆዩና ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ በ1932 ማኅበሩ ፈረሰ። ተመልሶ የቆመው በ1956 ነው። አንባቢ በዚህ ቁጥር ላይ ቶሎ ይሻገር ይሆናል፤ እኔ ግን አልቻልኩም። 24 ዓመት ማለት አንዲት ሴት በ22 ዓመቷ ተቀጥራ፣ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ጠጉሯ ሸብቶ ወደ ጡረታዋ የምትቃረብበት ዕድሜ ነው። በ1932 የተቀጠረችዋ ማኅበሩ እንደገና ሲቆም ጡረታ ደፍ ላይ ደርሳ ነበር። በዚያ መሐል የታመመችውን ማን ጠየቃት? የሞተችውንስ ማን አወቀ? እነዚያ ሴቶች ቢያንስ 17 ዓመት ማኅበር ነበራቸው። እኛ የነበረን ሰባት ወርና 22 ፖስታ ነው።

በአገራችንም ጥንታዊ አርበኞች ማኅበር አላቸው። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆች ማኅበር አላቸው፤ ቁጥራቸው ቢመነምንም የሚቀብራቸውና የሚያስታውሳቸው ቤት አዲስ አበባ ላይ አለ።  ሽማግሌነትን አይተው ቤት ሠሩለት። እኔ ጡረታዬ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው አላየሁትም።

አሁን ወደ ልጅቱ ልመለስ። ሟቿ ልጅ አልወለደችም፤ ያሳደገችው የእህቷን ልጅ ነው፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ። አክስቷ ስትሞት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሰልስቱ ማግስት ለብቻዋ ሳገኛት፣ «እትዬ፣ የአክስቴ የጡረታ ደብተር ለማን ነው የሚመለሰው?» አለችኝ። እንድትጠቀምበት አይደለም የጠየቀችው፤ የመንግሥት ንብረት ስለመሰላት፣ እንዳትጠየቅበት ፈርታ ነው። ከእኛ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መንግሥት ለፖሊስ 25 በመቶ ይጨምራል፤ ያ ሁሉ ዓመት ተጠራቅሞ ሰው ሲሞት ለባል ወይም ለሚስት፣ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ፣ በሟች ይረዱ ለነበሩ ወላጆች ይተርፋል። የእህት ልጅ በዚህ ውስጥ የለችም። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ጸድቆ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ «ልጅ ነኝ» ብላ የምታቀርበው ወረቀት በእጇ ይኖር ነበር።

ሟቿ ይህን አታውቅም ነበር ብላችሁ ነው? ለስንት ወላጅ አልባ ሕፃን ወረቀት ያስጨረሰች ሴት ናት። ታውቃለች። ግን ሰው የራሱን ጉዳይ ነገ ይለዋል፤ በተለይ የሌላውን ጉዳይ ሲሯሯጥ የኖረ ሰው። ማኅበር ማለት ይኸው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላ አንዷ፣ «አንቺ፣ የልጅቱን ጉዲፈቻ ጨረስሽ ወይ?» ትላለች። ሁለተኛ ቅዳሜ ደግማ ትጠይቃለች። በሦስተኛው ቅዳሜ እንግዲህ እፍረት ይይዛታልና ፍርድ ቤት ትሄዳለች፤ ካልሄደች ሁለት ሆነን ይዘናት እንሄዳለን። ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበረውም፤ ከዚህ ያነሰም አልነበረም። ከጥር 2014 እስከ ሐምሌ 2016 ስንት ቅዳሜ እንዳለ ቆጥሬዋለሁ። ከ120 በላይ ነው። ሦስቱ ይበቁ ነበር።

ሕመሟም እንደዚሁ ነው። አራት ወር ታማለች። ጎረቤት እንደነገረኝ ሆስፒታል የምትሄደው ብቻዋን በባጃጅ ነበር፤ ኮረብታው ላይ ባጃጁ ሲያቅተው ወርዳ በእግሯ ትጨርሰዋለች። በዚያ መንገድ ላይ የሦስታችን ቤት አለ። የእኔ አንዱ ነው።

አርባዋ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስዞር ሰነበትኩ፤ ያገኘኋትን ሁሉ «ለአርባው እንዳትቀሪ» አልኳት። እኔን ጨምሮ 11 ሴቶች ተገኘን። ሁለቱ በዚያች ቅዳሜ ተከትለዋት ከወጡት ጡረተኞች ነበሩ፤ ጉልበት ስመው ሰላም አሉኝ፣ ቂም ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁ። ደብተሩን ይዤ ነበር የሄድኩት። ከሳጥኔ አውጥቼ፣ አቧራውን ጠርጌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ከነጠላዬ ሥር ይዤዋለሁ። የተጻፈበት አንድ ተኩል ገጽ ብቻ ነው፤ የቀረው ባዶ ነው። የተዝካሩ ጸሎት ካበቃ በኋላ፣ ሰው ሲረጋጋ፣ አውጥቼ ላስቀምጠው፣ አራተኛውን ፊርማ ላሳያቸው፣ ይቅርታ ልጠይቅና «እንደገና እንጀምር፤ ዛሬ፣ እዚሁ፣ ጡረተኛም ሥራ ላይ ያለችም» ልል ነው። ቃሉን መንገድ ላይ ሳጠናው መጥቻለሁ።

ልጅቱ ቡና አቀረበች። አክስቷ እንደምታደርገው ስኒዎቹን በፍል ውኃ አሙቃ ነው የቀዳችው። አቦሉ ተጠጣ። ሁለተኛው ሲቀዳ የአንዷ ስልክ ጮኸ፤ ተረኛ ናት፣ እየተጣደፈች ወጣች። ሌላዋ ዝናብ ሳይመጣ ብላ ተነሳች። ሦስቱ መናኸሪያ የሚያደርሳቸው መኪና ስላገኙ አብረው ሄዱ። ይቺ ትውጣና እናገራለሁ፣ ይቺ ትቀመጥና እናገራለሁ ስል ልጅቱ ጀበናውን ለሦስተኛ ጊዜ ጣደች። ስድስት ሆነን ቀረን። አምስት ይበቃ እንደነበር አውቃለሁ። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እጄን ፌስታሉ ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ። እጄ ቀዝቅዞ ነበር።

በረካውን ጠጣሁ። ደብተሩን ሳላወጣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።